ዶላሩ አላስቀምጥ ላለው ትንሽ የስፌት ቤት ምን ይሻላል?

የደሴዋ ሰፊ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ፣ የተማሪ ዩኒፎርምና አንሶላ ነው የምንሰራው። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ክሩ ሳይቀር ከመርካቶ ነው የሚመጣልኝ፣ መርካቶ ደግሞ ከቻይና። ሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ጣቃው በየሳምንቱ ሌላ ዋጋ ነበር፣ ከዛ በፊት ደግሞ የቀይ ባህሩ ነገር መጣና መርከብ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ነው የሚሄደው ተባለ ኪራይ ጨመረ ተባለ፣ ብቻ ሁሌ የሆነ ምክንያት አለ። የኔ ችግር ት/ቤቶች ግንቦት ላይ ዋጋ አስገቢ ይሉኛል፣ ልብሱን የሚረከቡት መስከረም ነው። በመሀል ጨርቁ ከጨመረ እኔ ላይ ነው። ተበድሬ ጨርቅ ልከምር? ወይስ ሁሉም እንደሚለኝ ኤክስፖርት ልሞክር?

ሸዋ በር፦
አብሽር እህታለም። መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ዋጋሽን በገዛሽበት ሳይሆን በምትተኪበት ቁረጪ። ለምሳሌ ጨርቁ በ500 ብር ገባ እንበል፣ ለስፌትና ለኪራይ 150 ወጣ፣ በ800 ሸጥሽው፣ 150 አተረፍኩ ትያለሽ። መርካቶ ስትደውዪ ያው ጨርቅ 700 ሆኗል። በ800ው ጨርቁን ተክተሽ ስፌትና ኪራይ ስትከፍዪ 50 ብር ከኪስሽ ነው። ትርፍ መስሎሽ ካፒታልሽን እየበላሽ ነው ማለት ነው፣ ብዙ ሱቅ እንዲህ ነው የተዘጋው ወላሂ።
ሁለተኛ ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው ለ15 ቀን ብቻ የፀና ነው ብለሽ ፃፊ። ከተስማሙ ቀብድ ተቀበዪ፣ ቢያንስ የጨርቁን ዋጋ የሚሸፍን፣ ቀብዱን በተቀበልሽበት ቀን ጨርቁን ግዢው። ከዛ ዶላሩ የፈለገበት ይሂድ ያ ስራ አይነካም። ቀብድ አንሰጥም የሚል ት/ቤት ካለ ሪስኩ ሁሉ ባንቺ ጫንቃ ነው፣ ዋጋውን እሱን አስበሽ ከፍ አድርጊው።

የፓርኩ ልጅ፦
ኤክስፖርት ላይ እኔ ላውራ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰርቻለሁ። ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ሀገሩ ሁሉ ስራ አገኘን ብሎ ነበር፣ የኛ ፋብሪካ ኦርደሩ ከሞላ ጎደል ወደ አሜሪካ ነው የነበረው፣ የአፍሪካን ዕቃ ያለቀረጥ አሜሪካ በሚያስገባው አጎዋ ላይ ተማምኖ። ከዛ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ መጣ፣ በላዩ ላይ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። እኛ ያው ሸሚዝ ነው የምንሰፋው፣ ጥራቱ አልተቀየረም፣ ግን ዋሽንግተን በተወሰነ ነገር መስመሩ ቆመ። አውሮፓ ያለቀረጥ ይቀበለን ነበር እኮ፣ ቻይናም ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ እንደኛ ላሉ ሀገሮች ቀረጥ አንስታለች፣ ግን ሌላ ገዢ ቀድሞ ያልፈለገ ሰው በአንድ ሌሊት ከየት ያመጣል? ስለዚህ ኤክስፖርት ግቢ የሚልሽን ለማን ብለሽ ጠይቂው። ያንቺም ነገር ያው ነው፣ ከገቢሽ ግማሹ ከአንድ ት/ቤት ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ፈልጊ።

ማሾ በረንዳ፦
ሰውዬው ልክ ነው፣ ግን ኤክስፖርትን እንዲህ አታስፈራሯት አቦ 😄 እኔ ከቃሉና ከወረባቦ ማሾ እሰበስባለሁ፣ ላኪ አይደለሁም ለላኪ ነው የማቀርበው። ዶላር ሲጨምር እናንተ ስታለቅሱ እኛ ሰፈር ዋጋ ይነሳል፣ ላኪውም ሐምሌ 2016 ላይ ከሚያመጣው ዶላር 50 ፐርሰንቱን ይዞ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር። ግን እኛም በሰው እጅ ነን። የካቲት 2014 ህንድ ማሾ ከውጪ ማስገባትን ስትገድብ የቃሉ ገበሬ ምን አጠፋ? ስለዚህ ትንሽ ሰሊጥም ትንሽ ማሽላም እይዛለሁ፣ ማሽላው ማንም ህንዳዊ ቢገዛው ባይገዛው ወሎ ይበላዋል።
የአንሶላውን ጨርቅ ግን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? አፍንጫሽ ስር ነው።

የደሴዋ ሰፊ፦
ጠይቄያለሁ፣ ጨርቁ ሸጋ ነው ግን እነሱም ማቅለሚያና መለዋወጫ ከውጪ ስለሚያስገቡ ዋጋው አይቆምም። ቢሆንም ትራንስፖርቱ ስለሚቀልልኝ ለአንሶላው እሞክራለሁ። ቀብዱን ነገር ሁለት ት/ቤት እሺ ይሉኛል፣ አንደኛው ግን ጭራሽ። ብድሩስ?

ሸዋ በር፦
ለክምችት ብለሽ አትበደሪ። ወለዱ በየወሩ ይቆጥራል፣ ጨርቁ ቁጭ ብሏል፣ ት/ቤቱ ደግሞ ዘንድሮ ቀለም ቀየርኩ ካለ ያ ቡርጋንዲ ጣቃ ለማን ይሸጣል? ትርፍ ብር ካለሽ ነጭና ጥቁር ሰማያዊ ብቻ ግዢ፣ የትኛውም ት/ቤት ይወስደዋል። ክርና ዚፕም አይበላሽም። ቀብድ እምቢ ያለውን ት/ቤት ደግሞ ጨርቁን ራሳችሁ ግዙ እኔ የእጅ ዋጋ ብቻ ልቀበል በያቸው፣ እኛ ሰፈር አንድ ሰፊ እንዲህ ነው የሚሰራው።

የደሴዋ ሰፊ፦
ይቺን አላሰብኳትም፣ ሰኞ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። ለአንድ ልብስ የእጅ ዋጋ ስንት ነው ግን አሁን እናንተ ጋ?