ስለ መጀመሪያ መውደድ የምንሠራው አጭር ፊልም፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን እስከ ዓርብ ማስገባት አለብን። ታሪኩ ላይ ተስማምተናል፦ ዓይን አፋር የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ አብራው አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠውን ልጅ ወዷል፤ መናገር አቅቶታል። ርዝመቱን 14 ደቂቃ እናድርገው። የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል በአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የስም ዝርዝርም ይቆጠራል።

ስክሪፕት፦ የጥምቀቱን የሎሚ ውርወራ አውጥቼዋለሁ። ሎሚ የሚወረውር ልጅ ደፋር ነው፤ የኛ ልጅ እንደዚያ አይደለም። በምትኩ ደብተሩን አስገባሁ። ኖት ልትገለብጥ እንደምትዋሰው ስለሚያውቅ ማታ በአዲስ ጋዜጣ ይለብደዋል። ህዳጉን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል። የተሰረዘበትን ገጽ ቀዶ እንደገና ይጽፈዋል። መውደዱን የምናየው እዚያ ነው።

ካሜራ፦ ሎሚው መቅረቱ ከብዶኛል። ጃን ሜዳ እኮ ለካሜራ የተሠራ ቦታ ነው!

ስክሪፕት፦ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ጥር 11 ካመለጠን የሚቀጥለውን ዓመት ልንጠብቅ ነው።

ካሜራ፦ እሺ፣ አሳመንሽኝ። እንግዲያው ዴስኩን ከኋላ ልቅረጸው። ሦስት ልጆች ተጣበው ተቀምጠዋል። ክርኑ እንዳይነካት ሲሸሽ ሲሸሽ ከዴስኩ ሊወድቅ ይደርሳል። ፊቱን ማሳየት አያስፈልግም።

ድምፅ፦ ልጆች፣ ጸጥ ያለ ፊልም ማለት ድምፅ የሌለው ፊልም አይደለም። የቾኩ፣ የገጹ፣ ከውጭ የሚሰማው የሰፈር ጫጫታ ሁሉ ያስፈልገናል። በየክፍሉ ቀረጻ ሲያልቅ ማንም ሳይናገር 1 ደቂቃ የክፍሉን ድምፅ እንቅዳ፤ ካልሆነ ኤዲቲንግ ላይ ዝምታው ይቆራረጣል። ሙዚቃ ግን እባካችሁ ይቅር። ልጁ ያልተናገረውን ክራር እንዲናገርለት አልፈልግም።

ስክሪፕት፦ እሺ ጋሼ፣ በደስታ።

ፕሮዳክሽን፦ ልጅቷስ? እስካሁን የምትታየው በሱ ዓይን ብቻ ነው። እሷም ልብ አላት እኮ።

ስክሪፕት፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ደብተሩን ስትመልስለት የተሳሳተውን የሒሳብ ስሌት በእርሳስ አርማለት ይሁን። በስሱ፣ በቀላሉ እንዲጠፋ አድርጋ።

ሰብሳቢ፦ በጣም ጥሩ፣ ይግባ። ሌላው፣ ተዋናዮቹ 15 ዓመት ገደማ ስለሚሆኑ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር አንድም ቀረጻ አይጀመርም። ይህ ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የፈቃዱን ቅጽና ለትምህርት ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ እኔ አዘጋጃለሁ። በጀቱን ፕሮዳክሽን እስከ ረቡዕ ይላኩልኝ።