የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ ድምፄን ልቅዳ እያለ ነው፣ እሺ ልበል?

እባካችሁ ይሄን የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አንዱ ከኋላ ገጨኝ፤ ባምፐሩ ተሰባበረ፣ አንገቴ አሁንም ወደ ግራ እሺ ብሎ አይዞርም። የገጨኝ ልጅ ኢንሹራንስ አድጀስተር (የካሳ ጥያቄውን የምታጣራዋ ሠራተኛ) እየደወለች ቃልዎን ልቅዳ ትላለች፣ ስታወራ ማር ናት። ግን በወሬ መሃል "የፍሬን መብራትዎ ይሠራ ነበር?" ስትለኝ ነቃሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ስቴት ጥፋቱ 1 ፐርሰንት እንኳ ያንተ ነው ከተባለ ካሳ ላታገኝ ትችላለህ። ለመኪናው ከፍለዋል። ለአንገቴ ግን ሕክምናዬን ሳልጨርስ ትንሽ ገንዘብ ይዘው ፈርም እያሉኝ ነው፤ ከፈረምኩ ደግሞ አለቀ፣ ተመልሼ መጠየቅ የለም። ኢንሹራንስ ቤት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ውስጥ ለውስጥ የጉዳቱን ዋጋ በምን ያወጡታል? ከሐኪሙ ወረቀት ላይ ምን ይፈልጋሉ? አልቀዳም ብልስ ፋይሌን ይዘጉብኛል?