የኬሚስትሪውና የባዮሎጂው ፍሪ ኢነርጂ አልገጥም አለኝ፤ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን አጣምሮ በሚያስተምር የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ነኝ፤ የምቸገረው ኮርሶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በቴርሞዳይናሚክስ የሥራ (ወርክ) የመደመርና የመቀነስ ምልክት ገብቶኛል፦ የውስጥ ኢነርጂ ለውጥን ሲያሰሉ ከሙቀቱ ላይ ፊዚክሱ ጋዙ የሠራውን ይቀንሳል፣ ኬሚስትሪው በጋዙ ላይ የተሠራውን ይደምራል፤ መልሱ አንድ ነው።

የጊብስ ፍሪ ኢነርጂ (ሪአክሽን በራሱ ሊሄድ መቻሉን የሚያሳየው መጠን) ግን እምቢ አለኝ። ኬሚስትሪው መነሻ የሚያደርገው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 0ን (1 ሞላር የሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም ፕሮቶን) ሲሆን ባዮኬሚስትሪው ፒኤች 7ን ነው። አንድ ፕሮቶን በሚለቅ ሪአክሽን፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ልዩነቱ በሞል 40 ኪሎጁል ያህል ይሆናል። የባዮኬሚስትሪውን ዋጋ ይዤ የፕሮቶኑን ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም 1 ሲካፈል ለ10 ሚሊዮን ሞላርን፣ እንደገና በቀመሩ ውስጥ ሳስገባ ያው 40 ሁለቴ የተቆጠረ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? ፒኤች 7.4 ሲሆንስ የ0.4ን ልዩነት ብቻ፣ 2.3 ኪሎጁል ገደማ፣ ላስተካክል? ደረጃ በደረጃ ብታሳዩኝ በጣም አመሰግናለሁ።