ጉዳዩ የፌደራል ነው ተባልኩ፣ አቤቱታውን የት ላስገባ?
ሰላም፣ ከጅማ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ሐሙስ ማታ ሂርማታ ጋር ከባጃጁ አስወርደው ወሰዱት፣ ቁልፉን እንኳን መንገደኛ ነው ያመጣልን። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም ግን እኮ ከጣቢያው ፍርድ ቤቱ በእግር 10 ደቂቃ ነው! ምሳውን ይቀበሉኛል፣ ለምን ታሰረ ስል ጉዳዩ የፌደራል ነው ብቻ። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት) ጽፌ ፍርድ ቤት ብወስድ ሬጅስትራሯ ሳታነበው አዲስ አበባ ሂድ አለችኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ ግን የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌደራል መጀመሪያ ደረጃን፣ የክልሉ ጠቅላይ ደግሞ የፌደራል ከፍተኛን ሥልጣን ደርቦ ይይዛል ይላል። ጠበቃ የመያዝ አቅም የለኝም፣ ይሄንን አንቀጽ ጠቅሼ እዚሁ ጅማ ማስገባት እችላለሁ ወይስ የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?