የክበባችን አጭር ፊልም በሴሉሎይድ ይቀረፅ ወይስ በዲጂታል? ክርክር

የከዚራ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የድሬና የሐረር ተማሪዎች ያለንበት የፊልም ክበብ ዘንድሮ የ8 ደቂቃ አጭር ፊልም ሊሠራ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በአብዛኛው ጀጎል ውስጥ፣ አንዲት አያት ቤት ነው። አንድ ወዳጃችን 16 ሚሊ ሜትር የሚቀርፅ አሮጌ ቦሌክስ ካሜራ በነፃ ሊያውሰን ፈቅዷል። ጥያቄው እዚህ ላይ ተነሳ። ከአባላት የተዋጣው ብር ለሴሉሎይድ፣ ማለትም ለፊልም ጥቅልና ለማሳጠቢያ ይዋል? ወይስ እንደ ወትሮው በዲጂታል እንቅረፅ?

እኔ በሴሉሎይድ ይሁን ባይ ነኝ። የድሮ ነገር ናፍቆኝ አይደለም። እስካሁን የሠራናቸውን ፊልሞች እዩዋቸው። ካሜራው ችግር ኖሮበት አያውቅም። ችግራችን መብራት ነው። ሞኒተሩ ላይ ምስሉ ስለሚታይ ማንም ብርሃን አይለካም። ፊት ጠቆረ ሲባል «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ይባልና ይታለፋል። ቦሌክስ ሞኒተር የለውም። ላይት ሜትር (የብርሃን መለኪያ) ይዘህ ተዋናይዋ ፊት ሥር መቆም ግድ ነው። ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ ላይ ሜትሩ ስንት አነበበ? የጠቆረውስ? ሳታውቅ ካሜራውን አታስነሳም።

ሌላው ጊዜ ነው። የ100 ጫማ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሮጥ 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ነው። ካሜራው በእጅ ተጠምዝዞ በስፕሪንግ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሾቱ ከመቀረፁ በፊት ጭንቅላታችን ውስጥ ማለቅ አለበት። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ገንዘብ ያዥ
እኔ ሒሳቡን ላስቀምጥ። ፊልሙ 8 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን ሾት በአማካይ 4 ጊዜ ብንደጋግም 32 ደቂቃ ጥሬ ቀረፃ ይሆናል። ይሄ 12 ጥቅል ማለት ነው። ጥቅሉ የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው። ድሬም ሐረርም የሚያጥብ ላብራቶሪ ስለሌለ ውጭ አገር መላክ አለበት፤ እሱም በውጭ ምንዛሬ። ከታጠበ በኋላ ስካን ይደረጋል (ወደ ዲጂታል ፋይል ይቀየራል)፤ አሁንም በውጭ ምንዛሬ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለአንድ ዶላር የምንከፍለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እኔ እጅ ያለው ብር ከቁርሳቸው ቀንሰው ያዋጡ ልጆች ብር ነው። ይሄን ሁሉ አውጥተን መጨረሻ ላይ ፊልሙን የምናየው በስልክና በፕሮጀክተር ከሆነ ትርፉን ንገሩኝ።

ሳቢያን
አቦ የከዚራ ልጅ፣ ያልከው ሁሉ በዲጂታልም ይሠራል። ሞኒተሩን በፕላስተር ሸፍነው። ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ስጠን። «በሾት ሁለት ቴክ ብቻ» የሚል ሕግ አውጣ። ላይት ሜትሩንም ለዲጂታል ያዘው፤ ማን ከለከለህ? ሥነ ሥርዓት ከፈለግክ በሕግ ይመጣል።

ደግሞ ድምፁን ረስታችሁታል። ቦሌክስ ሲሮጥ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል። ከድምፅ መቅጃ ጋር ገጥሞ የሚሄድም አይደለም። ስክሪፕቱ ላይ አያትየዋና ልጅቷ ሁለት ገጽ ሙሉ ያወራሉ። ያንን ሁሉ ዳቢንግ ልታደርጉት ነው? በዕድሜ የገፉ እናት ስቱዲዮ አስገብታችሁ «ከንፈርዎን እያዩ ይድገሙልን» ልትሏቸው ነው?

የከዚራ ልጅ
ሳቢያን፣ የድምፁ ነገር ትክክል ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። የፕላስተሩን ሐሳብ ግን አልቀበልም። የተሸፈነ ሞኒተር ሲጨንቅህ ይገለጣል። ሁለት ቴክ የሚለው ሕግ ሦስተኛው ላይ «በቃ አንዴ ብቻ» ተብሎ ይፈርሳል። ሁላችንም ቀረፃ ላይ ነበርን፤ እንተዋወቃለን። ያለቀ ጥቅል ግን አይለመንም።

የመብራት ልጅ
እህታችሁ መብራት ላይ ስለምሠራ ስለ ቤቱ ልናገር። ማንም እስካሁን ስለ ቤቱ አላነሳም፤ እኔ ግን ክርክሩን የሚወስነው እሱ ይመስለኛል።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ሲገባ ሰፊው ክፍል ነው፤ በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ቀይ የተቀባ መደብና ወለል፣ ነጭ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ስፌቶች። ብርሃኑ የሚመጣው ከግቢው በበሩ በኩል ነው። በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ላይ ሜትሩ ኤፍ 8 ካለ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከላይኛው ነደባ ጥግ ላይ ኤፍ 1.4 ሊል ይችላል። የ5 ስቶፕ ልዩነት ነው፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነው።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ዲጂታል ላይ የምንፈራው ነጩን ነው። በሩ ከተቃጠለ አይመለስም። ስለዚህ ለበሩ ብለን እንጨልማለን፤ አያትየዋ ጥግ ላይ ይጠፋሉ፤ ኋላ ስናነሳው ጥቁሩ ውስጥ ኖይዝ (የምስል ብናኝ) ይርመሰመሳል። ኔጋቲቭ ፊልም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ነጩን ብዙ ይችላል። የምንፈራው ጥቁሩን ነው፤ ጥላ ውስጥ ያልተመዘገበ ነገር ላብራቶሪም አይመልሰውም። ስለዚህ ለጥጉ ለክተን ከፍተን እንቀርፃለን፤ በሩ ቢነጣ ይነጣ። ለዚህ ቤት የሚስማማው ኔጋቲቭ ነው። እንዲህ የምለው ፊልም «ያምራል» ብዬ አይደለም።

መብራቱ ደግሞ ውድ አይደለም። ግቢው ውስጥ መስታወት አቁሙ። ፀሐይዋን ተቀብሎ በበሩ በኩል ውስጥ ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ ይጥላት። ግድግዳው ራሱ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆናል። በሩ ላይ ብርሃኑ ከጠነከረ አቡጀዴ ወጥራችሁ አለስልሱት። ፀሐይዋ ስለምትዞር መስታወቱን የሚያንቀሳቅስ አንድ ልጅ ብቻ ያስፈልጋል።

ማታ ለሚቀረፀው ሃሎጅን ተጠቀሙ። ሁለት ባለ 500 ዋት ሃሎጅን በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው፤ የቤቱ መስመር ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል። ርካሽ ኤልኢዲ ግን እንዳታመጡብኝ። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራው በ24 ፍሬም ሲሮጥ ርግብግቡ ፊልሙ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዲጂታል ላይ ወዲያው ታየዋለህ፤ ፊልም ላይ ታጥቦ ሲመጣ ነው የምታውቀው። በ25 ፍሬም መቅረፅ ይረዳል፤ ግን የስፕሪንግ ካሜራ ፍጥነቱ እንደ ኳርትዝ ሞተር ስለማይፀና እሱን ተማምናችሁ አትግቡ።

የጀጎል ልጅ
የመብራቷ እህቴ ስለ ቤቱ ያልሽው እውነት ነው። ግን ቤቱ የሰው ቤት ነው። 1,000 ዋት ሃሎጅን ውስጥ ሲበራ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ባለቤቷ እናታችን ናቸው፤ እንግዳ ገብቶ ሙቀት ስለበዛባቸው «ውጡልኝ» አይሉም። ዝም ብለው ይታገሳሉ። እዚህ ላይ እኛ ነን ማሰብ ያለብን። የመስታወቱን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። የማታውን ሾት ግን ብትሰርዙት ይሻላል።

በዚያ ላይ እኔ ሴሉሎይድ የምደግፈው ለሌላ ነገር ነው። ከዚህ በፊት የቀረፅናቸው የት አሉ? ግማሹ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ላይ ቀርቷል። ኔጋቲቭ ግን በእጅ ተይዞ ብርሃን ላይ ሲታይ ምስሉ እዚያው አለ። የቤቱና የእናታችን ፊት 50 ዓመት ይቆይልን።

ሳቢያን
ይቆያል፣ በደንብ ከተቀመጠ። በድሬ ሙቀት ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? የካሜራ ፊልም መሠረቱ አሴቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይጨማደዳል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም፤ ማዘግየት ብቻ ነው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝተን ሁለት ቦታ ብናስቀምጥ ይቀላል።

ፎቶ ቤት
ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እኔ ድሬ ላይ ፎቶ ቤት ይዤ በጨለማ ክፍል ጥቁርና ነጭ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሲኒማ ሰው አይደለሁም። ስለ ማጠብ ግን የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ሙቀቱ። ያልተቀረፀ ጥቅል ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከፍሪጅ ስታወጡት ቶሎ አትክፈቱት፤ ጤዛ ይይዛል። እንደታሸገ ይቆይ፤ ክፍሉን ይልመድ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድሬ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ፊልም አልቆለታል በሉ። ስትልኩት ደግሞ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት። የአሁኑ የሻንጣ ኤክስሬይ ያልታጠበ ፊልም ላይ ጉም ይጥላል። በእጅ ያዙና በእጅ ይፈተሽልን ብላችሁ ለምኑ።

ሁለተኛ፣ ለምን ውጭ ትልኩታላችሁ? ከለሩን እኔም አልነካውም። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን እዚሁ ይታጠባል። የኮዳክ ደብል ኤክስ የሚባለው 16 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ የብርሃን ስሜቱ (አይኤስኦ) ለቀን ብርሃን 250፣ ለአምፖል 200 ነው። በዲ 76 ይታጠባል፤ ለፎቶ የለመድነው ዲቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣ ኬሚካል) ነው። ውሃው 20 ዲግሪ መሆን አለበት። የድሬ ቧንቧ ውሃ ከዚያ ይሞቃል፤ በበረዶ እያቀዘቀዛችሁ ስትታገሉ ትውላላችሁ። ሐረር ከፍ ስላለ ቀዝቀዝ ይላል፤ እዚያ እጠቡት።

የመጨረሻው ነገር ውሃው ራሱ ነው። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ያ ፊልም ላይ ሲደርቅ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። 16 ሚሊ ሜትር ፍሬም ትንሽ ናት፤ አንዷ ነጠብጣብ ስክሪን ላይ ጨረቃ ታክላለች። የመጨረሻውን እጥበት በተጣራ ውሃ አድርጉት። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይበቃል። በባልዲ ስለምታጥቡት ይቧጨራል፤ አንዳንዱ ቦታ ይነጣል፣ አንዳንዱ ይጠቁራል። ያንን እወቁት።

የመብራት ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ የእኔም ሥራ ቀለለ። ሃሎጅንና የበር ፀሐይ የቀለም ልዩነታቸው አያስጨንቀኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግቢው ውስጥ በቀትር ከተቀረፀ 250 የሆነ ፊልም በቦሌክስ ከኤፍ 22 ያልፋል። ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚደረግ ብርሃን ቀናሽ) የግድ ነው። ሜትሩንም በ1/80 ሰከንድ አንብቡት። ሪፍሌክስ ቦሌክስ (በሌንሱ በኩል የሚታይበት) በ24 ፍሬም ሻተሩ ለእያንዳንዱ ምስል የሚከፈተው ለ1/65 ሰከንድ ነው፤ ግን ምስሉን ወደ ማያው የሚወስደው ፕሪዝም ከብርሃኑ ትንሽ ይቀማል።

ሳቢያን
ቆይ፣ ጥቁርና ነጭ ማን ያያል? የሐረር ግድግዳ አረንጓዴና ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ስፌቱ በቀለም ያሸበረቀ ሆኖ፣ እናንተ ቀለሙን ልታጠፉት?

የከዚራ ልጅ
ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ነው የሠራው። የገበሬውን ፊት ያየ ሰው ቀለም ጎደለ ብሎ አያውቅም። የእኛ ታሪክ ደግሞ ስለ አያትየዋ ፊትና እጅ ነው።

ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ሐሳቤን በሌላ መልክ ላቅርበው። 12 ጥቅል ይቅር። ንግግር ያለበትን ሁሉ በዲጂታል እንቅረፅ፤ የሳቢያን የድምፅ ጥያቄ በዚያ ይመለሳል። ልጅቷ አያቷ ስፌት ሲሰፉ የምታስታውስበት ክፍል ንግግር የለበትም። እሱን ብቻ በደብል ኤክስ እንቅረፀው። አንድ ጥቅል። መብራቱ በመስታወትና በአቡጀዴ፣ ቀን ብቻ፣ ሃሎጅን የለም። ሐረር ላይ ራሳችን እናጥበዋለን። ስካኑንም ለጊዜው ብርሃን የሚሰጥ ሰሌዳ ላይ አድርገን ፍሬም በፍሬም በዲጂታል ካሜራ እናነሳዋለን። አድካሚ ነው፤ ግን ዶላር አይጠይቅም።

ዋናው ነገር አጠባው ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ኔጋቲቭ ከባልዲው አውጥተው ጥጉ ላይ የለኩት ብርሃን ደረሰ አልደረሰ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ውጭ ተልኮ ፋይል ሆኖ ከመጣ ግማሹ ትምህርት ላብራቶሪው ጋ ይቀራል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምይዘው።

ሳቢያን
አልተስማማሁም፤ ይመዝገብልኝ። አንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ዓይነት ምስል ሲገባ ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ካሜራውን ማየት ይጀምራል። ወይ ሁሉም ይሁን ወይ ምንም። ሙከራ ከሆነ ደግሞ ሙከራ በሉት፤ ከፊልሙ ለይታችሁ ሥሩት።

የጀጎል ልጅ
ትዝታ ስለሆነ መለየቱ ያግዘዋል እንጂ አይጎዳውም። ሃሎጅኑ ከቀረ እናታችንን እኔ አነጋግራለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፀሐይ ግቢው ውስጥ ትገባለች።

ገንዘብ ያዥ
አንድ ጥቅል፣ የዲ 76 ዱቄት፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያፀና ኬሚካል)፣ የባትሪ ውሃ፣ አቡጀዴ፣ አንድ ኤንዲ ፊልተር። ይሄን ያህል ከሆነ የትራንስፖርቱን ብር ሳልነካ ይወጣል። ሁለተኛ ጥቅል የሚጠየቀው የመጀመሪያው ታጥቦ አባላቱ ካዩት በኋላ ብቻ ነው። የሳቢያን ተቃውሞ ተመዝግቧል፤ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ሁለቱም ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ጋሼ፣ አጠባውን ሊያሳዩን ሐረር ይመጡልናል?

ፎቶ ቤት
እመጣለሁ። ቴርሞሜትር ግን አዲስ ግዙ፤ የእኔው ተሰብሯል።