ኳላላምፑር ያላችሁ፣ ረቡዕ ማታ ገበያ ላይ የጾም ምን ይበላል?

ሰላም ወገኖች፣ ማሌዥያ የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የክላስ ጓደኞቼ በየሳምንቱ ቼራስ ውስጥ ታማን ኮኖት የሚባለው የማታ ገበያ ይወስዱኛል፣ ገበያው የሚቆመው ደግሞ ረቡዕ ማታ ነው፣ እኔ ደሞ ረቡዕን ጿሚ ነኝ ዓሣም አልበላም። መንገዱ ዳርና ዳር ምግብ ብቻ ነው በጣም ደስ ይላል ግን ምን እንደምበላ ግራ ገብቶኛል።

አፓም ባሊክ የሚሉት አለ፣ ሰውየው ሊጡን ክብ መጥበሻ ላይ ያፈስና የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ ስኳርና በቆሎ ይበትንበታል፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ለሁለት ያጥፈዋል፣ ሽታው ልብ ያጠፋል ግን ሊጡ እንቁላል አለበት ቅቤም ይቀቡታል። አትክልት ነው ብዬ የተጠበሰ ጎመን ነገር ልገዛ ስል ደግሞ በላቻን የሚባል ማጣፈጫ ገብቶበታል አሉኝ፣ እሱ ከሽሪምፕ ነው የሚሰራው። ቻር ኩዌይ ቲያው የሚባለው ፓስታ መሳይ ደግሞ ቻይኖቹ ጋ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው።

ቼንዶል ችግር የለውም፣ የኮኮናት ወተት፣ የዘንባባ ስኳርና በረዶ ነው፣ ግን ጣፋጭ ብቻውን እራት አይሆንም።

የቡድሂስት ቬጂቴሪያን የሚሸጡትስ እንቁላልና ወተት ይጨምሩበታል? ጨው ያለውና የሚያጠግብ የጾም ምግብ የምታውቁ ስሙን ጻፉልኝ፣ ሻጩንም ምን ብዬ ልጠይቀው? ከረቡዕ በፊት ብትመልሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።