የሚስተር ቢን ክፍሎች ዝርዝር በአማርኛ፦ የምታውቁ እርዱን (አዳማ)

ጥያቄ፦ የፍራንኮ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ሚስተር ቢንን እያየን ያደግን ጓደኛሞች የተከታታዩን ሙሉ ዝርዝር በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ የታየበትን ቀን፣ በውስጡ ያሉትን ትዕይንቶችና አብረውት የሚታዩትን ሰዎች በኤክሴል እየሞላን ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ክፍሉን የሚጠራው በትዕይንቱ ነው፦ "የፈተናው"፣ "ጭንቅላቱ ዶሮ ውስጥ የተቀረቀረበት"፣ "የጥርስ ሐኪሙ" ይላል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። በእጃችን ያሉት ቅጂዎች ከፍላሽ ፍላሽ የተገለበጡ ወይም ከዩቲዩብ የወረዱ ስለሆኑ ተቆራርጠዋል፤ የፋይሉም ስም ገልባጩ እንዳሻው የሰጠው ነው።

የያዙን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጠቅላላው 14 ነው ወይስ 15? ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጥንታዊውን መጽሐፍ የሚያበላሽበትና ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ከሰልፉ ፊት ለመግባት የሚታገልበት የየትኛው ክፍል ናቸው? የትም አልገጥም አሉን። ቀኖቹንም በእኛ አቆጣጠር መጻፍ እንፈልጋለን፤ ከዓመቱ ላይ 8 መቀነስ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ብርቱካናማዋ ሚኒ

ወንድሜ፣ ቁጥሩ የሚለያየው በአቆጣጠር ነው። አዲስ ታሪክ ያላቸው 14 ናቸው። 15ኛው "ዘ ቤስት ቢትስ ኦፍ ሚስተር ቢን" የሚባለው ሲሆን በአብዛኛው ካለፉት ክፍሎች የተለቃቀመ ነው። እኔ ብሆን 14ቱን ቁጥር ሰጥቼ እሱን መጨረሻ ላይ ያለ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

14ኛውንም ተጠንቀቁበት። ፀጉር ቤት ገብቶ የሰው ፀጉር የሚቆርጥበት ክፍል በ1995 እ.ኤ.አ. በቪዲዮ ካሴት ነው የወጣው፤ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በ2006 ነው። በቴሌቪዥን ቀን ብቻ የሚደረድር ሰው ከሌሎቹ በብዙ ዓመት ያርቀዋል ወይም ጭራሽ ይዘለዋል። ሁለቱንም ዓመት ጻፉ።

ቤተ መጻሕፍቱና ፌርማታው የየትኛውም ክፍል አይደሉም። በቴሌቪዥን ከታዩት ክፍሎች ውጭ በካሴት ላይ ተጨምረው የወጡ ናቸው። በግድ አንዱ ክፍል ውስጥ አታስገቧቸው፤ "ተጨማሪ" የሚል ሌላ ገጽ ክፈቱላቸው።

መልስ፦ ጋሽ ካሴት

ልጄ፣ ከተማችንን ሁሉም ሰው ናዝሬት በሚልበት ዘመን ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፤ ይህን ሥራ ወጣቶች ስትይዙት ማየት ደስ ይላል። የተቆራረጠ ቅጂ ሲያጋጥማችሁ በቅድሚያ መኪናዋን እዩ። በመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ፈተና፣ ባሕር ዳርቻና ቤተ ክርስቲያን ባሉበት፣ የሚነዳት ሚኒ ብርቱካናማ ናት። ከዚያ በኋላ የምናውቃት ኮፈኗ ጥቁር የሆነው አረንጓዴዋ ናት።

ቀጥሎ መክፈቻውን ተመልከቱ። ከሰማይ በብርሃን ውስጥ የሚወድቅበት ምስል በ2ኛውና በ3ኛው ክፍል ጥቁርና ነጭ ነው፤ በኋላ ላይ በሌሊት ባዶ የለንደን መንገድ ላይ ሲወድቅ እናያለን። ሆኖም ገልባጮች የአንዱን መክፈቻ ለሌላው ስለሚቀጥሉ በመክፈቻው ብቻ አትፍረዱ። የማይዋሸው ሰው ነው። ሴት ጓደኛው ኢርማ ጎብ የምትታየው በሦስት ክፍሎች ብቻ ነው፦ በ3ኛው፣ በ4ኛውና በገናው ክፍል፣ ማለትም በ7ኛው። እሷን ካያችሁ ፍለጋው ወደ ሦስት ጠበበላችሁ ማለት ነው።

የፍራንኮ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ይሄ ብዙ ሥራ ያቀልልናል። ሲኒማ ቤት አስፈሪ ፊልም ሊያዩ የገቡበት እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ነው? መዋኛ ገንዳ ላይ ከፍታው ላይ ወጥቶ መዝለል የሚፈራበትስ?

ጋሽ ካሴት

ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ 3ኛው። መናፈሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች የሚሠራበትም እዚያው ነው።

መልስ፦ ባሕረ ሐሳብ

8 መቀነስ ብቻ አይበቃም። ከጃንዋሪ 1 እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው የሚቀነሰው። 1ኛው ክፍል የታየው ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1982። 2ኛው በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት ኖቬምበር 5 ታየ፤ በእኛ ግን ጥቅምት 26 ቀን 1983 ሆኗል።

ቀኑም ራሱ ይንሸራተታል። 5ኛው ክፍል፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ እንደ 1ኛው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው የታየው፤ ዓመቱ 1992። በእኛ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ነው እንጂ 23 አይደለም፤ ምክንያቱም የ1983 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ነው የገባው። በተመሳሳይ 6ኛውና 8ኛው ክፍል ሁለቱም ፌብሩዋሪ 17 ላይ ነው የታዩት፣ በ1992ና በ1993። የመጀመሪያው የካቲት 9፣ ሁለተኛው የካቲት 10 ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ሁሉንም አትቀንሱ፤ የፈረንጁንም ቀን ጎን ለጎን ተዉት፣ የሚያመሳክር ሰው ያስፈልገዋል።

የገናውን ክፍልም አስተውሉ። የታየው ዲሴምበር 29 ቀን 1992፣ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ነው። "የገና ዕለት" ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ታኅሣሥ 29 ይመስለዋል።

መልስ፦ ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

የምጨምረው ትንሽ ነው። የካርቱኑን አትቀላቅሉ፤ እሱ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረ ሌላ ተከታታይ ነው። አከራይዋ አሮጊትና አንድ ዓይና ድመቷ ካሉበት ካርቱኑ ነው።

ስለ ስሙ ደግሞ፣ ዋናውን ርእስ በፊደላችን ጻፉና ከሥሩ ሰው የሚያውቅበትን አስገቡ። ግን "የገበያው" ብላችሁ አትለፉ። በ2ኛው ክፍል ትልቅ መደብር ገብቶ በካርድ የሚገዛበት አለ፤ በ9ኛውም ቅናሽ ወጥቶ የገዛውን ሶፋ ሚኒዋ ጣሪያ ላይ አስሮ እዚያው ላይ ተቀምጦ የሚነዳበት አለ። "የምግቡ"ም እንደዚሁ ነው፦ በ2ኛው ምግብ ቤት ያዘዘው ጥሬ ሥጋ ሆኖበት የሚደብቅበት፣ በ8ኛው ሆቴል ውስጥ ኦይስተር (ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) የሚበላበት። አንድ መለያ ነገር ጨምሩበት፦ "ጥሬ ሥጋው"፣ "ጣሪያ ላይ ሶፋው"። ፈላጊው የሚያስታውሰው ያንን ነው።

የፍራንኮ ልጅ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። በምክራችሁ መሠረት አንዱን ሞልተነዋል፣ እዩልን፦

"ክፍል 3። ዘ ከርስ ኦፍ ሚስተር ቢን። መጀመሪያ የታየው፦ ዲሴምበር 30 ቀን 1990 / ታኅሣሥ 21 ቀን 1983። ሰው የሚያውቅበት፦ መዋኛ ገንዳው፣ መናፈሻ ላይ ሳንድዊቹ፣ አስፈሪው ፊልም። መኪና፦ አረንጓዴዋ። ኢርማ፦ አለች። መክፈቻ፦ ጥቁርና ነጭ።"

የጎደለን የ12ኛው፣ የጎልፉ ክፍል ነው፤ ያለን ቅጂ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ላይ ይቆረጣል። ያልተቆረጠ ያለው አዳማ የሚገኝ ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልን፤ ፍላሽ ይዘን ያለበት ድረስ እንመጣለን።